መርፌ በአፍ አይገባም

ሀዋሳ፣ ታቦር
ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳዊት ሚስት ለታቢታ፤

ሰላምታውን እዚህ አናት ላይ አንዴ አስቀምጫለሁ፤ እስከ ታች ድረስ ይበቃሻል። በየመስመሩ እንደምን አለሽ እያልኩ ብጽፍ ወረቀቱም እጄም ያልቃሉ። ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ እጅ ነው፤ መዶሻ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም ነበር፣ እስክሪብቶ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል።

ስልክ ለምን አታነሳም ላልሽው፣ አነሳለሁ። የምትይው ግን አይሰማኝም፤ ጆሮዬ ውስጥ ንብ የገባ ይመስለኛል። ጎረቤቴ ተዋበች ተቀብላ እየጮኸች ልትነግረኝ ትፈልጋለች፤ የእኔ ጉዳይ በእሷ አፍ ሰፈሩን እንዲዞር ግን አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። ባለቤቴ ሙሉመቤት በሕይወት ሳለች ጽሕፈቱ የእሷ ሥራ ነበር፤ እኔ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደል ይዤ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። እሷ ስትሄድ ፊደሉ ለእኔ ቀረ።

ስለ ስኳሩ ለጠየቅሽኝ እውነቱን ልንገርሽ። ክኒኑ አልበቃም ብለው ከሰኞ ጀምሮ መርፌ ሰጥተውኛል። ጤና ጣቢያው ያለው ነርስ ኢዮብ ይባላል፤ ልጅ ነው፤ እንዳንቺው ጴንጤ ነው። «አባባ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳያዛንፉ» አለኝ። «ስለ ሰዓት ለእኔ አይነገርም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከሠራተኛው ቀድሜ ሥራ ቦታ የተገኘሁ ሰው ነኝ» አልኩት። ፍሪጅ የለኝም ስለው መድኃኒቱን በማሰሮ አድርጌ ማሰሮውን እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንድቀብር እያሳየ ያስተምረኝ ጀመር። ለግንበኛ ስለ አሸዋ!

ለሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀጥሮኛል። ስለ አበላል ያን ቀን በሰፊው እንነጋገራለን አለ። «ልጄ፣ አሥራ ዘጠኝ እኮ ገብርኤል ነው» ብለው፣ «ዓርብ ነው አባባ፣ የሥራ ቀን ነው» አለኝ። ሀዋሳ ተቀምጦ ሐምሌ ገብርኤልን የማያውቅ! ከየአገሩ ምእመን ጎርፎ ከተማው መተላለፊያ ሲያጣ፣ እኔ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተራ ልጠብቅ? አላደርገውም።

እዚያ በምታዋልጂበት ጤና ጣቢያ ክረምቱ ሲገባ እናቶቹ አይመጡም፣ ማዋለጃው ባዶ ነው ያልሽው አናደደኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለዝናብ ብሎ ነፍሱን የሚተው? ወንዙ ሞላ፣ ጭቃው አዳለጠ ይባላል እንዴ? ቆጣ በይባቸው። እኔም ባለፈው ወር ከቀጠሮዬ የቀረሁት ባጃጁ ዳገታችንን አልወጣም ብሎ ነው፤ ያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከግንቡ ወዲያ ያለውን አስተማሪ፣ ዮናስን ታስታውሺዋለሽ። ባለፈው ዓርብ በጠዋት እንቁላል ጠበሰ። ሽታው ግንቡን ዘሎ መጣ። ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለሽታ ብዬ ግን አልሠራሁትም። «ዓርብ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። መጥበሻው ዝም አለ።

አማትሽ
ገብረየስ

የመርፌውን ነገር ለዳዊት አትንገሪው። ቦንጋ መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር እያለ ይጨቀጭቀኛል።


ቦንጋ
ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

የማከብርዎ አባባ፤

ሰላምታዎ እንዳሉት እስከ ታች ድረስ በቅቶኛል፤ ተርፎም ለዳዊት አካፍዬዋለሁ። ስለ መርፌው አልነገርኩትም። ሁለተኛ ግን ባሌን እንድደብቀው አይዘዙኝ፤ ፊቴ ያጋልጠኛል።

እናቶቹን አይቆጧቸው። ትናንት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በወንድሞቿ ትከሻ ወንዝ ተሻግራ መጣች፤ ቀሚሷ እስከ ደረቷ ርሷል። ለምን ዘገየሽ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይከለክላቸዋል፤ ኅዳር ላይ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ቡና ለቀማ ነው፣ ማን ቅርጫቱን ጥሎ ይመጣል? እኔ እዚህ ሆኜ ካርዱ ላይ ቀን እጽፋለሁ፤ ቀኑን የሚወስኑት ግን ደመናውና ቡናው ናቸው።

እርስዎን ግን እለምንዎታለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ካልሆነ በአሥራ ስምንት ይሂዱ። ኢዮብ የሚቆጣ እንዳይመስልዎት። በቀጠሮው ቀን ያልመጣን ሰው አንጠላም፤ የሚያስፈራን ጨርሶ የሚቀረው ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዴት እንደምጽፈው ስወጣ ስወርድ ሰነበትኩ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይገባል። እኔ ስለ ጾም አፌን ብከፍት ጴንጤዋ ቤቴን ልታፈርስ መጣች እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ስለዚህ አልናገርም። ንስሐ አባትዎን መምሬ ባህሩን ብቻ ያነጋግሩልኝ። መርፌ ጀምሬያለሁ ይበሏቸው፤ የሚሉትን እሳቸው ይበሉ።

ለእንቁጣጣሽ እንመጣለን ብለን ነበር። አልሆነልንም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ፤ እባክዎ ቅር አይበልዎት።

ልጅዎ
ታቢታ


ሀዋሳ፣ ታቦር
ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታቢታ፤

ሰላም ብያለሁ። በአሥራ ስምንት ሂድ ያልሽበት ደብዳቤ ትናንት በሃያ ሦስት ደረሰኝ። መንገዱ ላይ ናዳ ወርዶ አውቶቡሱ ቆሞ ከረመ አሉ። ስለዚህ ምክርሽን እምቢ አላልኩም፤ ምክርሽ ነው ጭቃ ውስጥ የቀረው።

ገብርኤል ደመቀ። ዝናቡም እንደ ልማዱ አልቀረም። ጃንጥላ ለጃንጥላ ተደጋግፎ መንገዱ ጣሪያ የተሠራለት ይመስል ነበር። እኔ ጃንጥላ አልይዝም፤ ነጠላዬ ርሶ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ከበደኝ። ስለት ያለበት ሁሉ፣ የታመመም ሁሉ እዚያ ነበር። ጤና ጣቢያው ያን ቀን ጭር ብሎ ዋለ አሉ። ምን ይደንቃል? በሽተኛው ሁሉ እኛ ጋ ነበር!

ሰኞ ሄድኩ። ለካ ዓርብ የቀረው ሁሉ ሰኞ መጥቷል፤ መቆሚያ የለም። ኢዮብ ደግሞ ሥልጠና ሄዷል። ሌላዋ ልጅ ላቧን እየጠረገች መድኃኒቴን ሰጠችኝና ለነሐሴ መጨረሻ ቀጥራ አሰናበተችኝ። ስለ አበላል የተባለው ነገር ቀረ። ይቅር፤ መብላት ለእኔ ማንም አያስተምረኝም።

መምሬ ባህሩን አነጋግር ላልሽው፣ የሚያነጋግር ነገር የለም። ራሴ ፈትቼዋለሁ። ክኒን ሳለ ችግር ነበር፤ ክኒን በአፍ ይገባል፣ ውኃም ይፈልጋል፤ ስለዚህ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየው ነበር። መርፌ ግን በአፍ አይገባም! ሆድ ላይ ተወግቶ አለቀ፣ ምላስ አያውቀው፣ ጉሮሮ አያውቀው። እንግዲህ አንድ ሰዓት ላይ ሳላዛንፍ እወጋለሁ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ለኢዮብም ለፈጣሪም ቃሌን ጠበቅሁ ማለት ነው። አባባ አርጅቷል የምትሉኝ ሁሉ ይኼን አስቡልኝ። ዛሬ ረቡዕ ነውና ጀመርኩት፤ ትንሽ ላብ ላብ አለኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

ፍልሰታን ከተጋባን ጀምሮ ከሙሉመቤት ጋር ነው የጾምኩት። በመጨረሻው ዓመቷ እንኳ ቀና ማለት አቅቷት ሳለ፣ «ዘጠኝ ሆነ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ጠዋት ቤቱም ባዶ፣ ሆዴም ባዶ ሲሆን፣ ከወዲያኛው ክፍል «ዘጠኝ ሆነ?» የምትለኝ ይመስለኛል።

ለእንቁጣጣሽ አንመጣም ላልሽው፣ ምክንያቱን አልጠይቅም። አልጠይቅም ብያለሁ። የምታድሩበትን ክፍል ግን ኖራ ቀብቼው ነበር። በክረምት ኖራ እንደማይደርቅ እያወቅሁ ነው የቀባሁት።

አማትሽ
ገብረየስ


ሀዋሳ፣ ታቦር
ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታቢታ፤

ዛሬ አጭር ነው። መጻፊያ እጄ ተልጧል። መስመሩ ሲያዘነብል ታይዋለሽ፤ ግድግዳ ቢሆን አፍርሼ እንደገና እሠራው ነበር።

ደህና ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትንሽ አዞረኝ። ዝናብ ነበር፤ ድንጋዩ አንሸራተተኝ። እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ የታወቀ ነው። ተዋበች ከዚህ የበለጠ ነገር ብትነግርሽ አትመኛት፤ እሷ ከአንድ ጠብታ ጎርፍ ታወጣለች።

ኢዮብን አገኘሁት። መርፌና ባዶ ሆድ አብረው አይሄዱም አለኝ። እንግዲያው ከሁለቱ አንዱ ይቅር አልኩት። ደስ አለው፤ እበላለሁ ያልኩ መስሎት። ያስቀረሁት መርፌውን ነው። ጾሙ እስኪፈታ ማሰሮው ውስጥ ይቆያል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰውን አፍ በግድ ከፍቶ ለስላሳ የሚያጠጣ ባጃጅ ነጂ በሕግ ይጠየቃል ወይ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አማትሽ
ገብረየስ


ቦንጋ
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፤

የሐምሌ ሃያ አራቱ ደብዳቤዎ ገና ዛሬ ገባ፤ ፖስታው ጭቃ ነክቶታል። «መርፌ በአፍ አይገባም» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀምጬ ወደ ተዋበች ደወልኩ። ሁሉንም ነገረችኝ። አማኑኤል የሚባለው ባለ ባጃጅ መንገድ ላይ ወድቀው እንዳገኘዎት፣ ምን እንዳደረገም፣ አሁን ደግሞ መርፌውን እንደተዉት። አይቆጧት፤ እያለቀሰች ነበር።

እርስዎን ልወቅስ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሐምሌው ደብዳቤዬ መጻፍ የነበረብኝ አንድ መስመር ነበር፦ መርፌውን ከወጉ በኋላ ወዲያው ይብሉ። ለማንም በሽተኛ የምናገረው ነው፤ ቋንቋዬን ለማይሰሙት እንኳ በምልክት አሳያቸዋለሁ። ለእርስዎ ግን ፈራሁ። በሠርጋችን ሰሞን «የፈለግሽበት አምልኪ፣ የቤቴን ጾም ግን እንዳትነኪብኝ» ብለውኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር። ቃሌን እየጠበቅሁ እርስዎን ላጣዎት ነበር።

አሁን በግልጽ ልጻፈው። መርፌው በአፍ አይገባም፤ ልክ ነዎት። ግን ገብቶ ሥራ ይሠራል፤ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። እርስዎ ያውቁታል፤ ብርቱ ሠራተኛ ቀጥረው ድንጋይ ካላቀረቡለት እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ያለውን ማፍረስ ይጀምራል። ስለዚህ ከመርፌው ጋር ቁርስ ያስፈልጋል። መርፌውን መተው ደግሞ መፍትሔ አይደለም። ቀስ ብሎ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን ይወስዳል።

ለእንቁጣጣሽ የማንመጣበትን ምክንያት አሁን እነግርዎታለሁ። ነፍሰ ጡር ነኝ። በየካቲት ነው የምወልደው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠፍቶብናል፤ ለማንም ሳንናገር ተሸከምነው። ይኼኛው እስኪረጋ በዚህ መንገድ አትንገላቺ ብለውኛል። እስኪጠና ድረስ ልነግርዎ አልፈለግሁም ነበር፤ አሁን ግን የእኔን ስጠብቅ የእርስዎ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። እኔና ዳዊት ተስማምተናል፤ ስሙን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። በደብዳቤ አይደለም፣ ልጁን ታቅፈው።

ጾምዎን ይፍቱ አልልም፤ አሁንም አልልም። መምሬ ባህሩን ይጠይቁ። ይኼን ብቻ።

ልጅዎ
ታቢታ


ሀዋሳ፣ ታቦር
ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለታቢታ፤

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ፊደልሽ ስለሚያስቸግረኝ፤ ኋላ ግን ፊደልሽ ሳያስቸግረኝ።

የጠፋውን ደብቃችሁኝ ለብቻችሁ ያለቀሳችሁት ቅር ብሎኛል። እኔ ማልቀስ የማልችል መስሏችሁ ነው? ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ለእኔም ድርሻዬን ላኩልኝ።

እንግዲህ አንቺ ካልደበቅሽኝ እኔም አልደብቅሽም። አዳልጦኝ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዛፉም አጥሩም ሁለት ሁለት ሆነብኝ። የራሴን ሰፈር መንገድ ሳትኩት። ራሴን ሳውቅ ጭቃው ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ጎረምሳ ጠርሙስ ይዞ ፊቴ ላይ አጎንብሷል።

«ፋዘር፣ ይጠጡ!»
«ጾም ነው፣ ዞር በል!»
«እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ኃጢአቱን በእኔ ያድርጉት» አለና አፌ ውስጥ ገለበጠው።

እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ሲንቀጠቀጡ ያውቀዋል። ለካ እሱ ባይደርስ ዛሬ ይኼን የሚጽፍ አልነበረም፤ ኢዮብ ነው ያለኝ። እኔ ግን በሰዓቱ ሰደብኩት። አሁን ባየው ምን እንደምለው አላውቅም፤ ባጃጁ ሲያልፍ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞራለሁ።

ትናንት ሩፋኤል ነበር። የጳጉሜን ዝናብ ሲወርድ ሰፈሩ ወጥቶ ተጠመቀ፤ ልጁም ትልቁም እየተንጫጫ። ጤና ጣቢያው ያን ቀን ክፍት ነበር አሉ፤ ማን ይሄዳል፣ መድኃኒቱ ከሰማይ በነፃ ሲወርድ? እኔም ሸሚዜን አውልቄ ቆምኩ። ሩፋኤል ማሕፀን የሚፈታ መልአክ ነው። አንቺ አታምኚበትም፤ እኔ ስላንቺ ሆኜ አመንኩበት። ለራሴ የለመንኩት ነገር የለም። ጊዜ ካለው እኔንም አይረሳኝም።

መርፌውን ጾሙ ሲፈታ መልሼ ጀምሬያለሁ። ቁርሴን እበላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ግን መርፌውን እተወዋለሁ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ አትጻፊልኝ። መምሬ ባህሩ ደጅ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ አንዴም አይደለም። ምን ብዬ ልግባ? የዮናስን መጥበሻ ዝም ያሰኘሁ ሰው «አባ፣ ጠዋት ልብላ» ልበል? ሙሉመቤትስ ምን ትለኛለች?

አማትሽ
ገብረየስ


ሀዋሳ፣ ታቦር
መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታቢታ፤

ሰላም ብያለሁ፤ ዛሬ ለሁለት ነው፣ ለሆድሽም ጭምር።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ውሻ የሚተኛበት ግቢ ዛሬ እስከ አስፋልቱ ሞልቷል። የመስቀል ሥጋ ሆዱን የነፋው አለ። ውኃው ሲሸሽ ከሐይቁ ዳር ወባ የያዘው አለ። የሚበዛው ግን ሕመሙን በሐምሌ አጣጥፎ አስቀምጦ፣ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ጋቢ ለማስጣት ያመጣው ነው።

ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ከቡሹሎ ነው የመጣው፤ ገበሬ ነው፣ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። እግሩን በፌስታል ጠቅልሎታል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።
«ሐምሌ ላይ እሾህ ወጋኝ። ስኳር አለብኝ።»
«እስከ ዛሬ ምን ትሠራ ነበር?»
«ክረምቱ ይለፍ ብዬ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነበር። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ። ከዚያ መስቀል መጣ።»

ኢዮብ ፌስታሉን ሲፈታ ሽታውን ከአግዳሚው ሆነን ሰማነው። ወዲያው መኪና ተጠርቶ ወደ ሆስፒታል ተላከ። ሲጭኑት «ጣቴን ብቻ ነው አይደል? ጣቴን ብቻ?» ይል ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ ልቆጣው ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው ነው ለዝናብ ብሎ ነፍሱን የሚተው ልል። ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። የማውቀው ቃል ነው፤ ለአንቺ የጻፍኩት ነው።

ተራዬ ሲደርስ ኢዮብ ዓይኑ ቀልቷል። ከቤተ ክርስቲያን የሚሸጠውን የቀን መቁጠሪያ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ የተጻፉበትን፣ ወስጄለት ነበር። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩለት። ሊቀጥረኝ ሲል ቀና ብሎ አየና፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ በዓል ያልሆነ ቀን የት አለ?» አለኝ። «ፈልግ፤ ሥራህ ነው» አልኩት። ሳቀ። ባዶ ቀን ፈልጎ ቀጠረኝ።

ከዚያ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ መምሬ ባህሩ ዘንድ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው እስካሁን አልተመለሱም አሉኝ! ከነሐሴ ጀምሮ ስፈራ ከርሜ አንድ ቀን ብደፍር ሰውየው የሉም። ደጃቸው ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ።

እጠብቃቸዋለሁ።

ገብረየስ


ቦንጋ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

ያንን ባለ ፌስታል ሰውዬ እያሰብኩ አደርኩ። እኔ ጋ ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ የእናቶቹ ወረፋ እየሳሳ ነው። ዘንድሮ ግን ለቀማው ሲደርስ እኔ ራሴ ወደ ቡናው ልሂድላቸው ብዬ አለቃዬን ጠይቄያለሁ፤ በእግር አይሆንም፣ እንደ እንቁላል ይዘውኛል፤ በመኪና ፈቅደውልኛል።

ልጁ ተንቀሳቅሷል። ዳዊት እጁን አድርጎ ሲጠብቅ ዝም አለ፤ እጁን ሲያነሳ ረገጠኝ። ዳዊት «አባባን ነው» አለ። ስለ መርፌውም ነግሬዋለሁ፤ አልጮኸም። «ይበላ ይሆን?» ብቻ አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት?

መምሬ ባህሩ ተመለሱ? ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ይጻፉልኝ። ሌላ ሌላውን ይተዉት።

ልጅዎ
ታቢታ


ሀዋሳ፣ ታቦር
ዓርብ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ፤

ለጠየቅሽኝ መልስ ልስጥ።

መምሬ ባህሩ ተመልሰዋል። ገባሁ። ያጠናሁትን ንግግር ሁሉ ረስቼ፣ «አባ፣ መርፌ ጀምሬያለሁ፤ ሳልበላ ስወጋ ወደቅሁ» አልኳቸው።

«መቼ ነው የወደቅኸው?»
«በፍልሰታ።»
«አሁን ወሩ ምንድን ነው?»
«ጥቅምት።»
«እስከ ዛሬ የት ነበርክ? ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት አታውቅም? ለሙሉመቤት በመጨረሻው ዓመቷ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ጠጪ ብያት ነበር እኮ።»

ይኼን አላውቅም ነበር፣ ታቢታ። «ዘጠኝ ሆነ?» የምትለኝ ለእኔ ብላ ነው ለካ። እሷ ጠዋት ጠጥታለች፤ ተዋበች ነበረች የምታቀብላት አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓትን ትጠብቅ የነበረው እኔ እንድበላ ነው።

ቤታቸው ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ኋላ ላይ «እሺ አባ፣ እበላለሁ። በሬን ዘግቼ እበላለሁ» አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉኝ። «ዘግተህ ከበላህ ሰፈሩ ጾመኛ ነው እያለ ያከብርሃል፤ አንተም ያልሠራህበትን ክብር ትወስዳለህ። ቀኖናህ ይኼ ነው፦ የጾም ምግብ፣ በጠዋት፣ ከመርፌህ በኋላ፣ ደጅህ ላይ ወጥተህ ሰው እያየህ ትበላለህ።»

«አባ፣ ከዚህ ስግደት ይሻለኛል።»
«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ስግደት ያልሰጠሁህ።»

ረቡዕ ዕለት በርጩማዬን አወጣሁ፤ ዝናብ የለም፣ ፀሐዩ ጥሩ ነው፣ መደበቂያ የሚሆን ደመና እንኳ አልነበረም። ቂንጬ በዘይት አብስዬ ነበር። ግማሹን እንዳጋመስኩ የአማኑኤል ባጃጅ መጣ። ፊቴን ወደ ግንቡ አላዞርኩም። ቆመ። «ፋዘር፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስገደደዎት?» አለኝ። «ና ወዲህ» ብዬ ማንኪያ ሰጠሁት። ሰርቪስ ላይ ነኝ እያለ ተቀምጦ ጨረሰብኝ። ያን ቀን ስለ ሰደብኩት ይቅርታ አልኩት፤ የሰደብኩትን ስድብ አስታውሶ እየደገመ ይስቃል።

ዛሬ ግን ዓርብ ነው። የፈራሁትም ዛሬን ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሳላዛንፍ ተወጋሁ። ወጣሁ፣ ተቀመጥኩ። ያን የሚወለደውን ልጅ አሰብኩት፤ እንደምታቀፈው፣ እንደሚከብደኝ፣ የትኛው ክንዴ ላይ እንደማደርገው። ኅዳር ላይ ጾመ ነቢያት ሲገባም እንዲሁ አደርጋለሁ። በየካቲት ሁዳዴ ሲገባ እዚያ እናንተ ደጃፍ ላይ ሆኜ እንድበላ በርጩማ አዘጋጁልኝ፤ መንገዱ ያን ጊዜ ደረቅ ነው። ማሰሮዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አሸዋ ግን ከዚያ አገኛለሁ። ለዳዊት ይኼን መስመር አንብቢለት።

ገና ሁለተኛውን ጉርሻ እንዳነሳሁ ዮናስ ከግንቡ ወዲያ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሳህኑን አየ። እኔን አየ። ይኼን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ አየሩን በደንብ ሳበና ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፦

«ዓርብ ነው!» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ጎረስኩ።

አባትሽ
ገብረየስ